ኮዱን ሁሉም ይጽፋል፤ ደረሰኙን ማን ይያዝ?

ነገሩ የተጀመረው እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ነገሮች በማኪያቶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አንዲት ካፌ ውስጥ ሰባት ሆነን ተሰብስበናል። ማንም በነፃ የሚጠቀምበት፣ የቻለም ኮዱን ከፍቶ የሚያሻሽለው የአማርኛ ፊደል ግድፈት ማረሚያ ልንሠራ ነው። "ኮድ የሚጽፍ?" ስድስት እጅ ወጣ። "ቃላት የሚሰበስብ?" አሁንም እጁ ብዙ ነው። "አርማውን የሚሠራ?" እዚህ ላይማ ሽሚያ ሆነ። "ገንዘብ የሚይዝስ?" ሲባል ግን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ማኪያቶውን ማማሰል ጀመረ። ቀጥሎ ስድስቱም ዓይናቸውን ወደ አንድ ወንበር አዞሩ፤ ወደ እኛ፣ ይህን ዓምድ ወደምንጽፈው። ከሰባቱ መካከል ሴት እኛ ብቻ ነን፤ ኮድ የማንጽፈውም እኛ ብቻ ነን። "አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል፤ መዝገብ መያዝ አያቅትሽም" ተባልን።

እኛም ኮራን። "አራት ዓመት የተማርነው ደረሰኝ ልንሰበስብ ነው እንዴ?" ብለን እምቢ አልን። ሌላ የሚፈልገው ስላልተገኘ ገንዘቡ ከመካከላችን በአንዱ ልጅ የግል የባንክ ደብተር ውስጥ ገባ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ይህን መጀመሪያ እንናገር። ከጓደኛ፣ ከአስተማሪ፣ ዋሽንግተን ካለ የአንዳችን ወንድም እየተሰበሰበ 41 ሺህ ብር ሞላ። የድረ ገጹ ስምም የተገዛው በዚሁ ልጅ ኢሜይልና ካርድ ነው። ሁሉ ነገር ተመቸ።

ልጁ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ። ደስ አለን፤ ሸኘነው። ሦስት ወር ሳይሞላ የድረ ገጹ ስም የሚታደስበት ቀን ደረሰ። ማሳሰቢያው የሚሄደው ልጁ ማየት በተወው ኢሜይል ነው። ባንኩ "ባለቤቱ በአካል ይምጣ፣ ወይም ውክልና አምጡ" አለን፤ ትክክል ነው፣ ከባንኩ ጋር ጠብ የለንም። ገጹ ጠፋ። ለሁለት ወር ያህል የሚከፍተው ሁሉ ባዶ ነገር አየ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ መምህር ደውሎ "ልጆቹን አስለምጄያቸው ነበር እኮ፤ ምን ልበላቸው?" ሲለን መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወሬው መጣ። "በሉት"። ማንም አልበላም። ገንዘቡ ኋላ ላይ እስከ መጨረሻዋ ብር ተመልሷል። ነገር ግን "ይኸው ሂሳባችን" ብለን የምናሳየው አንድ ወረቀት አልነበረንም። ከሰባታችን ሁለቱ ዛሬም ሰላም አይባባሉም። ማረሚያውም እንደ ቆመ ነው።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ሐዘን ለመቀመጥ አይደለም፤ ጠብ ለማንሳት ነው። ጠባችንም ከእኛው ትውልድ ጋር ነው። ኮድ መጻፍን ጀግንነት፣ ሂሳብ መያዝን ተላላኪነት አድርጎ ከሚያየው፣ "እኛ እንተማመናለን" ብሎ ደንብ ከማይጽፈው፣ ከራሳችንም ጭምር። አቋማችን ይኸው፦ በበጎ ፈቃድ የቆመ ሥራን ከኮድ ስህተት በላይ የሚገድለው ያልተመዘገበ ሂሳብ ነው። ገንዘብ ያዥ የሌለው ቡድንም ገና ቡድን አልሆነም፤ የጓደኛሞች ጨዋታ ነው።

ፈረንጁም አልዳነ

"ይሄ የእኛ አገር ችግር ነው" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ግኖም የሚባል፣ በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የምታዩትን መስኮትና ማውጫ የሚሠራ ስብስብ አለ። ፋውንዴሽኑ በ2000 (ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመ፣ ቦርድ ያለው፣ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚደግፉት ነው። ኤፕሪል 2014 ላይ ይኸው ቦርድ አንገት የሚያስደፋ ማስታወቂያ አወጣ፤ ለጊዜው መጠባበቂያ ገንዘብ ስላጠረን የግድ ያልሆነ ወጪ ሁሉ ቆሟል አለ።

ምን ነካው? ፋውንዴሽኑ ሴቶችን ወደ ኦፕን ሶርስ ሥራ የሚያስገባ የልምምድ ፕሮግራም ያስተዳድር ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙ ሌሎች ድርጅቶች ገቡበት፤ ገንዘቡ ግን ገብቶ የሚወጣው በግኖም ካዝና በኩል ነው። ተለማማጆቹ በቀጠሯቸው ቀን ይከፈላቸዋል፤ ስፖንሰሮቹ ግን የክፍያ መጠየቂያው ደርሷቸውም ይዘገያሉ። ፕሮግራሙ ባደገ ቁጥር ቀድሞ የሚወጣውና ዘግይቶ የሚገባው እየተራራቀ ሄደ። አንድም ሰው አልሰረቀም። ገንዘቡ በወረቀት ላይ አለ፤ በባንክ የለም። ኪሳራ ያልሆነ ኪሳራ ማለት ይህ ነው፤ ደመወዝ በ30 እየተቀበለ በ20 የቤት ኪራይ የሚጠየቅ ሰው ያውቀዋል።

ወሬውስ? እዚያም አልቀረም። "የሴቶቹ ፕሮግራም አከሰረው" የሚሉ አስተያየቶች ኢንተርኔቱን ሞሉት። ቦርዱ ችግሩ ፕሮግራሙ ሳይሆን የክፍያው አስተዳደር መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ፕሮግራሙ በ2015 አውትሪቺ ተብሎ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ወደተባለ ድርጅት ተዛወረ። ልብ በሉ፤ ሂሳብ ሲዘገይ የሚወቀሰው የዘገየው ከፋይ አይደለም። ሥራው ነው የሚወቀሰው። ሥራው ደግሞ የሴቶች ከሆነ ሴቶቹ።

በዚያው ወር ሌላ ጉድ ወጣ። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው፣ የይለፍ ቃላችሁ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚጠብቀው ሶፍትዌር ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ ተገኘበት። ባንኩም ኢሜይሉም ሱቁም የሚጠቀምበት ነገር ነው። ዓለም ደንግጦ "ይህን የሚጠብቀው ማን ነው?" ሲል ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ በዓመት የሚሰበሰበው መዋጮም 2,000 ዶላር ገደማ እንደሆነ ታወቀ። ሁለት ሺህ ዶላር! ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ኩባንያዎችን አስተባብሮ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቃል አስገባ።

ሁሉም ያን ጊዜ ስለ ቀዳዳው አወራ። እኛን የገረመን ሌላ ነው። ገንዘቡን ጉዳይ ለሕዝብ የነገረው ስቲቭ ማርከስ የሚባል ሰው ነው፤ እሱም ኮዱን ከሚጽፉት አልነበረም። ሥራው ውሉን፣ ክፍያውን፣ ወረቀቱን ማስኬድ ነበር። ይህን ያህል ነው የሚገባው፣ ይህን ያህል ይጎድለናል ብሎ ቁጥር ይዞ መቆም የቻለው መዝገቡን ስለሚያውቅ ነው። ቁጥር የሌለው ሰው "ተቸገርን" ይላል። ቁጥር ያለው ሰው ስንት እንደቸገረው ይናገራል። የሚሰማው የቱ ይመስላችኋል?

"እኛ እንተማመናለን"

እስቲ ክርክሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የመጀመሪያው "እኛ ጓደኛሞች ነን፤ ደረሰኝ ምን ያደርጋል?" የሚለው ነው። አነጋገሩ ፍቅር ይመስላል፤ ስንፍና ነው።

ይህን የምንል ልጆች ያደግነው ዕድር ባለበት ሰፈር ነው። የዕድሩ ሰዎች ከእኛ ያነሰ ይዋደዳሉ እንዴ? አብረው ያረጁ፣ ልጅ ለልጅ የተጋቡ፣ ሬሳ አብረው የተሸከሙ ናቸው። ቢሆንም ዳኛ አላቸው፣ ጸሐፊ አላቸው፣ ገንዘብ ያዥ አላቸው። ወርሃዊውን መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል፤ የከፈለ ስሙ ትይዩ ምልክት ይደረግለታል። እትዬ እገሌ "እኔን አታምኑኝም?" ብለው ሲያኮርፉ አይተን አናውቅም። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ሳይቀሩ ተቆጥረው ይወጣሉ፣ ተቆጥረው ይገባሉ። እኛ ኮምፒዩተር ይዘን ያልቻልነውን እነሱ በሃምሳ ሉክ ደብተር ችለውታል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ተረት ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ሂሳብ የሚመዘገበው ሌባን ለመያዝ ብቻ አይደለም። ታማኙን ለማዳን ነው። ያ ወዳጃችን በየወሩ አንድ ገጽ መግለጫ ልኮልን ቢሆን ኖሮ ስሙን ማንም አያነሳውም ነበር። ያለ ምስክር ገንዘብ እንዲይዝ ያደረግነው እኛ ነን፤ ሲወራበትም ምስክር ልንሆነው አልቻልንም።

"ገንዘብ በጎ ፈቃድን ያበላሻል"

ሁለተኛው ክርክር ትንሽ የጽድቅ ሽታ አለው። "እኛ ለገንዘብ አይደለም የምንሠራው" ይላል። ጥሩ። ሰርቨሩስ ለጽድቅ ነው የሚሠራው? የድረ ገጹ ስምስ? ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ይጠቀምበት ማለት ነው እንጂ ወጪ የለውም ማለት አይደለም።

ደቢያንን እንውሰድ። በ1993 የተጀመረ፣ በመላው ዓለም የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የሊኑክስ ሥርዓት ነው፤ መጫኛውን ስትከፍቱ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ታገኛላችሁ። ደቢያን ራሱ በሕግ ፊት ሰውነት የለውም። የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ ውል መፈረም አይችልም። ታዲያ የሚሰጠው ገንዘብ የት ይገባል? በ1997 ኒው ዮርክ ውስጥ ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ተመሠረተ። እሱ ገንዘቡን ይይዛል፣ ለለጋሹ ደረሰኝ ይሰጣል፣ የንግድ ምልክቱን ያስመዘግባል። ወጪውን የሚፈቅደው ግን የደቢያኑ ተመራጭ መሪ ነው። የሚፈቅደው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ። የድርጅቱ ቦርድ አባላትም ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ገንዘቡ በጎ ፈቃዳቸውን አላበላሸውም። ሥርዓት ስላለው ከሠላሳ ዓመት በላይ አኖረው።

"ሁሉም ብር ለሥራው!"

ሦስተኛው ክርክር በጣም ተወዳጅ ስለሆነ በጣም አደገኛ ነው። ለጋሹ "ከሰጠሁት ውስጥ ለአስተዳደር አንድም ሳንቲም አይውጣ" ይላል፤ እኛም "አይወጣም!" ብለን እንምላለን። ውሸት ነው። የባንክ አገልግሎት ክፍያ አስተዳደር ነው። ማኅተም አስተዳደር ነው። ኦዲተሩ አስተዳደር ነው።

በሕጋችንም ይህ ስሜት አለ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ለአስተዳደራዊ ወጪ 30 በመቶ ጣሪያ አድርጎ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደው። ጣሪያ መኖሩን አንቃወምም፤ በለጋሽ ገንዘብ መኪና የሚገዛውንም እናውቃለን። የምንቃወመው "አስተዳደር" ሲባል ሁልጊዜ ብክነት ብቻ መስሎ የሚታየንን ዓይናችንን ነው። የላይኛውን ጫፍ በአዋጅ ወስነን ስለ ታችኛው ጫፍ ጠይቀን አናውቅም። ለሂሳብ አያያዙ ዜሮ የሚያወጣ ቡድን ምን ይሆናል? እኛን ጠይቁን፤ ገጹ ይጠፋል።

ከላይ ያነሳነው የኒው ዮርኩ ድርጅት ከሚቀበለው መዋጮ 5 በመቶ ለራሱ ያስቀራል። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ደግሞ 10 በመቶ። ይህ ዝርፊያ አይደለም። ከ100 ዶላር ላይ 5 ወይም 10 ዶላር ከፍሎ 90 እና 95ቱ የት እንደገባ ማወቅ ርካሽ ነው። እኛ 41 ሺህ ብራችንን ሙሉ በሙሉ "ለሥራው" አስቀምጠን ሥራውን አጥተናል።

ይህን የማያምን የአሜሪካንን የ2011 ታሪክ ይመልከት። እዚያ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ መግለጫ ማቅረብ አለበት፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላቀረበ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱ በራሱ ጊዜ ይቋረጣል። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተገበር 275,000 ያህል ድርጅቶች ተሰረዙ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ አብዛኞቹ ቀድሞውኑ ሥራ ያቆሙ ናቸው ብሎ አምኗል። የቀሩት ግን? በሕይወት እያሉ ወረቀት ያላስገቡ ናቸው። ሞተዋል ተብለው የተሰረዙት አንድ ሰው ቅጽ ስላልሞላ ነው።

"በሌላ ጃንጥላ እንጠለል"

አራተኛው ክርክር ብልህ ነው፤ እኛም ግማሹን እንቀበለዋለን። "ራሳችን ከምንደክም ሂሳቡን የሚይዝልን ትልቅ ድርጅት ሥር እንግባ።" ደቢያንም ያደረገው ይህንኑ አይደል? ነው። ትንሽ ቡድን የራሱን ድርጅት ከማቋቋም በሌላው ጃንጥላ ሥር ቢገባ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ለምሳሌ ዋሽንግተን ያለው ያ ወንድም የሰጠውን ከግብሩ ላይ ማስቀነስ የሚችለው አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ላለው ድርጅት ሲሰጥ እንጂ አዲስ አበባ ላለ የግል ደብተር ሲልክ አይደለም።

ጃንጥላም ግን ይታጠፋል። ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን የሚባል አሜሪካዊ ድርጅት ከ600 በላይ ቡድኖችን ገንዘብ ይዞ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 "በዓመቱ መጨረሻ እንዘጋለን፣ ሌላ ቤት ፈልጉ" አለ። (ተመሳሳይ ስም ያለው የገንዘብ መከታተያ ገጽ አልተዘጋም፤ የፈረሰው ገንዘብ ያዡ ድርጅት ነው።) ያን ጊዜ ሂሳባቸውን የሚያውቁት፣ ለየትኛው ዓላማ ስንት እንደተሰጣቸው የሚያውቁት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሌላ መሄድ ይችላሉ። "እነሱ ያውቁልናል" ያለ ቡድን ግን ጥያቄውን የሚጀምረው ከ"ስንት ነበረን?" ነው። ገንዘቡን ሌላ ይያዝልህ፤ መዝገቡን ግን አንተም ያዝ።

ስለዚያች ወንበር

አሁን ስድስቱ ዓይን ወደዞረባት ወንበር እንመለስ። በየማኅበሩ፣ በየክበቡ፣ በየቡድኑ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው፣ ደረሰኝ የምትሰበስበው፣ "ያልከፈላችሁ ክፈሉ" እያለች የምትጠላው ማን ናት? ሥሩ ትጋት መስሎ ይታያል፤ ሲታይ ግን ሥልጣን የሌለው ኃላፊነት ነው። ገንዘቡን ትይዛለች፣ ወጪውን ግን ሳይጠይቋት ይወስናሉ። ሲጎድል ትጠየቃለች፣ ሲሞላ አትመሰገንም። ስሟ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ "አበርካቾች" በሚለው ሥር የለም፤ አንዲት መስመር ኮድ ያረመው ግን አለ።

እኛ ያን ቀን እምቢ ያልነው ይህን ስላወቅን ነበር፤ በከፊል ልክ ነበርን። ስህተታችን ሥራውን መናቃችን ነው። እምቢ ማለት የነበረብን ሥራውን ሳይሆን ውሉን ነው። "እንይዛለን፤ ግን ድምፅ ይኑረን፣ 'ይህ ወጪ አይሆንም' የማለት መብት ይኑረን፣ በሁለት ዓመቱ ሌላ ይተካን፣ ስማችንም ከኮድ ጸሐፊዎቹ እኩል ይጻፍ" ማለት ነበረብን። አላልንም። ለዚህ ነው ይህ ጽሑፍ ግማሹ ንስሐ የሆነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ጮኸው ዝም የሚሉ ጸሐፊዎች አንወድም፤ ስለዚህ የምንጠይቀውን እንናገር። መጀመሪያ ደንብ ይጻፍ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ገንዘቡ ከግል ደብተር ይውጣና በጋራ ሂሳብ ይግባ፤ ያለ ሁለት ፊርማ አይውጣ። ወጪ የሚያዘውና የሚከፍለው አንድ ሰው አይሁን። ለተለየ ጉዳይ የተሰጠ ገንዘብ ለብቻው ይመዝገብ፤ ለሰርቨር የተሰጠ ለቲሸርት አይዋል። የግኖም ታሪክ ያስተማረን ደግሞ ይህ ነው፦ ቃል የተገባ ገንዘብ ገቢ አይደለም፤ ባንክ የገባው ነው ገቢ። ስለዚህ ሰርቨሩን ቢያንስ ስድስት ወር የሚያስኬድ መጠባበቂያ ሳይነካ ይቀመጥ።

የሚታደሱ ነገሮች ሁሉ ቀናቸው በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ የይለፍ ቃሎቹንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዛቸው። በየወሩ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚል ሦስት መስመር ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ኮዳችንን ለዓለም ከፍተን ሂሳባችንን ከራሳችን መደበቅ ምን የሚሉት ኦፕን ሶርስ ነው? ገንዘብ ያዡ ሲለቅ ደግሞ ርክክቡ በቃል ሳይሆን በፊርማ ይሁን።

ይህን ሁሉ ለመሥራት በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚውን ማን ስንት እንደያዘ የሚቆጥር ካልተገኘ ግን ሃምሳ ሰው ተሰብስቦም ሎሚው መንገድ ላይ ይቀራል።

ማረሚያውን ልናስነሳው እያሰብን ነው። ከሰባቱ አራት ቀርተናል፤ 41 ሺህ ብሩም እንዳለ አለ። የደብረ ብርሃኑ መምህር አሁንም ይደውላል። ገንዘብ ያዥ ማን ይሁን ሲባል በዚህ ጊዜ እጃችንን እኛው እናወጣለን፤ ውላችንን ይዘን። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ እዚያችው ካፌ። ማኪያቶውን ሁሉም ለራሱ ይከፍላል፤ ከቡድኑ ገንዘብ አይነካም። ደረሰኝ ያለው ደግሞ ይዞ ይምጣ።